ያለ ንጉሥ የተወሰነ ሃይማኖት፦ በ1000 አይስላንድ ላይ ማን አሸነፈ?

መዝገቡ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ቫይኪንጎች ስንጨቃጨቅ አንድ ወንድማችን «ሰሜኖቹ ሁሉ በሰይፍ ነው የተጠመቁት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ስለ ኖርዌይ ቢሆን ብዙም አልከራከርም። የአይስላንድ ነገር ግን ለየት ይላል፤ ለብቻዋ ክር የከፈትኩላት ለዚህ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ መሠረቱን ላስይዝ። አይስላንድ ንጉሥ አልነበራትም። ከ870ዎቹ ጀምሮ ሰዎች ሰፈሩባት፤ አብዛኞቹ ከኖርዌይ፣ ከፊሎቹ ከብሪታንያ ደሴቶች። በ930 አካባቢ አልቲንግ የሚባል ጉባኤ አቋቋሙ። በየዓመቱ በበጋ ቲንግቬትሊር በሚባል ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ሕግ ያወጣሉ፣ ይካሰሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ልጅ ይዳዳራሉ። ሠራዊት የለም። ፖሊስ የለም። የተፈረደለት ሰው ፍርዱን የሚያስፈጽመው በራሱ፣ በዘመዶቹና በአለቃው ጉልበት ነው።

አለቆቹ ጎዲ ይባላሉ። በዚያ ጊዜ 39 ያህል ነበሩ። ሥልጣኑ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲያስፈልግም ለጊዜው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ገበሬው የወደደውን ጎዲ ይጠጋል፤ ካልተስማማው ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል። የመሥዋዕቱን ድግስ የሚደግሰውም ይኸው ጎዲ ነው። ስለዚህ እምነቱን ስትነካ ሥልጣኑንም ነካህ ማለት ነው።

ደመወዝ ያለው የአገር ሹም አንድ ብቻ ነበር፤ ሕግ ነጋሪው። ሕጉ ገና አልተጻፈም። ሰውየው በቃሉ ይዞ በየዓመቱ ሲሶውን የሕጉ ዓለት ከሚባለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያሰማል። በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል።

በ1000 በጋ (አንዳንዶች 999 ነው ይላሉ፤ ልዩነቱ የሚመጣው ዓመቱ በመስከረም ይጀምራል ወይስ አይጀምርም ከሚለው ነው) ሕግ ነጋሪው ቶርጌይር ነበር፣ የሰሜኑ ጎዲ። አረማዊ ነው። ያን በጋ ክርስቲያኖቹና አረማውያኑ ሜዳው ላይ ተፋጠጡ። «ከእንግዲህ ከእናንተ ጋር በአንድ ሕግ አንኖርም» ተባባሉ። ሊታረዱ ትንሽ ቀራቸው። በመጨረሻ ነገሩ ለቶርጌይር ተሰጠ። ዳሱ ውስጥ ገባ፣ ካባውን ተከናነበ፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ቃል ሳይተነፍስ ተጋደመ። በማግስቱ ሕዝቡን ጠርቶ «ሁሉም ሰው ይጠመቅ» ብሎ ፈረደ። አረማዊው ዳኛ ለክርስቲያኖቹ!

ይህን ምን አመጣው? የኖርዌይ ንጉሥ ዛቻ? ገንዘብ? የአገር ሰላም? እስቲ በሉ፤ እኔ የራሴን ቆይቼ እጽፋለሁ።

ቡና በጨው፦

ንጉሡ ነዋ! ይሄማ ምን ጥያቄ አለው።

ኦላፍ ትሪግቫሶን በ995 ነገሠ። ኖርዌይ ውስጥ አልጠመቅም ያለውን ምን ያደርገው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ወደ አይስላንድ ታንግብራንድ የሚባል ቄስ ላከ። ቄስ ይባል እንጂ ሰውየው እሳት ነው። በግጥም የሰደቡትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ገደለ። አንድ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተመለሰና ለንጉሡ «እዚያ አገር ክርስትና ተስፋ የለውም» አለው። ንጉሡ ጨሰ። በዚያ ሰዓት ኖርዌይ የነበሩ አይስላንዳውያንን በሙሉ ላስገድል፣ አካላቸውን ላስቆርጥ አለ።

የኋለኞቹ ሳጋዎች (የአይስላንዳውያን የጥንት ትረካዎች ናቸው) በመያዣነት የተያዙ አራት ወጣቶችን በስም ይጠራሉ። አይስላንድ በአራት ክፍል የተከፈለች ናት፤ ከየክፍሉ አንድ የትልቅ ሰው ልጅ ማለት ነው። አሁን ይችን ስሙኝ። ከአራቱ አንዱ ስቨርቲንግ ነው። አባቱ ሩኖልፍ ጎዲ። ሩኖልፍ ማነው? ከአንድ ዓመት በፊት ሂያልቲ የሚባለውን ክርስቲያን ከስሶ ከአገር ያስባረረው ሰው!

እስቲ አስቡት። ልጅህ ንጉሡ እጅ ላይ ነው፤ አንተ ሜዳ ወጥተህ ለድሮዎቹ አማልክት ለቶርና ለኦዲን ትሟገታለህ? ምላስህ ይታሰራል። በቃ፣ እኔ ጨርሻለሁ።

እንግዳ ሰው፦

ሂያልቲ ምን አድርጎ ነው የተባረረው?

መዝገቡ፦

በግጥም ነው ወንድሜ። እዚያ አገር ግጥም ቀልድ አይደለም። የሕጉ ዓለት ላይ ወጥቶ፣ አማልክትን መስደብ አልወድም ካለ በኋላ ፍሬያን ውሻ ብሎ ገጠመ። ፍሬያ የፍቅርና የመራባት አምላካቸው ናት። ሦስት ዓመት ከአገር ተሰደደ።

ግን ልብ በሉ፤ በዚያ በጋ ጉባኤው ላይ ሲመጣ የቅጣቱ ጊዜ አላለቀም ነበር። መጀመሪያ ጓደኞቹ «አንተ የተፈረደብህ ነህ፣ እዚህ ቆይ» ብለው ከተወሰኑ ሰዎች ጋር መንገድ ላይ ተዉት። ቀጥሎ «በመሣሪያ መንገድ ሊዘጉባችሁ ነው» የሚል ወሬ መጣ። እሱም ተነሥቶ ደረሰባቸው። የተፈረደበት ሰው በሕጉ ዓለት ላይ ስለ ሕግ ሊናገር ወጣ።

ሕግ ተማሪ፦

ቡና በጨው፣ ነገሩን ቶሎ ዘጋኸው። እስቲ አንድ ነገር አስላልኝ።

ኦላፍ በመስከረም 1000 ስቮልደር በተባለው የባሕር ውጊያ ሞተ። ውሳኔው የተሰጠው በዚያው ዓመት በጋ ከሆነ ንጉሡ ከዚያ በኋላ የቆየው ጥቂት ወራት ነው። ዛቻውም አብሮት ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ኖርዌይን የያዙት የቀድሞው ገዢ የሃኮን ልጆች ኤሪክና ስቬን ናቸው። እነሱ ራሳቸው ቢጠመቁም ሕዝቡን «እንደ ወደዳችሁ» ብለው ለቀቁት። ታዲያ አይስላንዳውያኑ በቀጣዩ በጋ ተሰብስበው ሕጉን ቢሽሩት ማን ይነካቸዋል? መሐል ላይ ባሕር አለ። አልሻሩትም። በማግስቱም፣ በአሥር ዓመቱም አልሻሩትም።

እኔ ማዶ ላለው ንጉሥ ሳይሆን ለችሎቱ ነው ክብደት የምሰጠው። በዚያ አገር «ሁለት ሕግ» ማለት ምን እንደሆነ እንየው። በጎችህ የኔን የሳር መሬት ጋጡ እንበል። አንተ ክርስቲያን፣ እኔ አረማዊ። የት እንካሰሳለን? በምን እንምላለን? የድሮው መሐላ በመሥዋዕት ደም በተነከረ ቀለበት ላይ ነበር ይባላል። ክርስቲያኑ ያንን አይነካም። እኔ ደግሞ በመስቀል አልምልም። ምስክር የለም፣ ችሎት የለም። የሚቀረው ደም መመላለስ ነው። አስታራቂ ንጉሥ እንኳ የለም።

ቶርጌይርም ከካባው ሥር ወጥቶ ያለው ይህንኑ ነው። የዴንማርክና የኖርዌይ ነገሥታት ብዙ ዘመን እንደተዋጉ፣ ነገሥታቱ ባይወዱም የየአገሩ ሰዎች እንዳስታረቋቸው አነሣ። ቀጥሎ፦ ሕጉን ከቀደድነው ሰላሙንም እንቀደዋለን። ስለ ክርስቶስ አንድ ቃል አልወጣውም። ንግግሩ ከዳር እስከ ዳር የዳኛ ንግግር ነው።

ቡና በጨው፦

እሺ፣ የሞቱን ነገር ቆጥሬልሃለሁ። ግን ንጉሥ ቢሞት ገበያው አይሞትም። አይስላንድ ውስጥ ትልቅ ዛፍ የለም። ያለው የበርች ቁጥቋጦ ነው፤ እሱንም እየቆረጡ ጨረሱት። መርከብ የሚሠራበት እንጨት ከኖርዌይ ነው የሚመጣው። እህልም እንዲሁ። እነሱ የሱፍ ጨርቅ ይልካሉ፣ በልዋጩ ይገዛሉ። ኖርዌይ ወደቧን ከዘጋችባቸው በአንድ ትውልድ ጀልባ አልባ ሆኑ ማለት ነው። የኖርዌይ ነጋዴና ወደብ ወደ ክርስትና እየሄደ እነሱ ብቻቸውን ለቶር ፈረስ እያረዱ መኖር ይችሉ ነበር?

ሕግ ተማሪ፦

ይሄኛውን እቀበላለሁ። ግን ይህ ዛቻ አይደለም፣ ስሌት ነው። እኔም የምለው የስሌት ሰዎች ናቸው ነው።

ጆሮ ዳባ፦

ሁላችሁም ገንዘቡን ዘላችሁት አለፋችሁ። ከክርስቲያኖቹ መሪዎች አንዱ የሲዳው ሃል ለቶርጌይር ከፍሎታል እኮ! አንዱ ሳጋ ሦስት ማርክ ብር ይላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እስከ ሰሜን ዋልታ ይሠራል ማለት ነው። ካባ ተከናንቦ የተኛው ሰውዬ ምናልባት ብሩን እየቆጠረ ይሆናል።

ሕግ ተማሪ፦

አይ ጆሮ ዳባ! አሳቅኸኝ። ግን እስቲ አካሄዱን ልብ በል።

ክርስቲያኖቹ መጀመሪያ የመረጡት ሃልን ራሱን ነው። «ለክርስቲያኖች የሚሆነውን ሕግ አንተ ተናገር» አሉት። ሃል ሹመቱን አገኘ። ያን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ሜዳው ላይ ሁለት ሕግ ነጋሪ፣ ሁለት ሕግ ይሆን ነበር። እሱ ግን ሹመቱን ይዞ ወደ አረማዊው ሕግ ነጋሪ ሄደና ከፍሎ «አንተው ተናገር» አለው። ጉቦ ከሆነ እንግዳ ጉቦ ነው፤ ውሳኔውን ለተቃራኒው ወገን ሰው አሳልፎ ለመስጠት ማን ይከፍላል?

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሃል ቢፈርድ አረማውያኑ አይቀበሉም። ቶርጌይር ቢፈርድ ግን የራሳቸው ሰው ነው፣ አፋቸው ይያዛል። ቶርጌይርም ብልጥ ነው። ፍርዱን ከመናገሩ በፊት ሁለቱንም ወገን «የምለውን እንቀበላለን» አስባላቸው። ቃላቸውን ከያዘ በኋላ ነው ዱብ ያደረገው። ክፍያው የዳኝነት ዋጋ ይሁን ማባበያ፣ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይነታረኩበታል። ካባውንም አንዳንዶች የድሮ የጥንቆላ ሥርዓት ነው ይላሉ። እኔ ሰውየው ዝምታውን የፈለገው ከጆሮ ጠቢዎች ለመራቅ ጭምር ይመስለኛል። ሌሊቱን ሁሉ ማንም ሊያባብለው ወይም ሊያስፈራራው አልቻለም።

ወለተ ሰሜን፦

ስታወሩ ሳነብ ቆየሁ። የድርድሩን ዋና ነጥብ ግን ማንም አላነሣውም። ፍርዱ ውስጥ ለአረማውያኑ ሦስት ነገር ተተወላቸው።

አንደኛው ሕፃን መጣል ነው። ማሳደግ ያልተቻለ ልጅ ሲወለድ ሜዳ ላይ ይተዋል፤ የድሮው ሕግ ይጽና ተባለ። ሁለተኛው የፈረስ ሥጋ። (አዎ፣ እኔም ፊቴን አጨማደድኩ።) ሦስተኛው መሥዋዕት። መሥዋዕቱ በስውር ከሆነ ማንም አይጠይቅህም። ምስክር ከተገኘብህ ግን የሦስት ዓመት ስደት ነው።

አሁን እነዚህን በማን ዓይን እንያቸው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሆድ ጉዳይ ናቸው። አገሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ክረምቱ ከከፋ ከብቱ ያልቃል። ድሃው ፈረስ አትብላ፣ የወለድከውንም ሁሉ አሳድግ ከተባለ በጥቂት ዓመት ውስጥ አመፅ ነው። ስለዚህ ገበሬውን ዝም የሚያሰኘው ነገር ተጻፈ (ተነገረ ልበል እንጂ፣ ገና መጻፍ የለም)። ሦስተኛው ለጎዲዎቹ ነው። ትልልቆቹ አረማውያን በሕዝብ ፊት ፊታቸው ሳይቃጠል እቤታቸው የለመዱትን እያደረጉ ማርጀት ይችላሉ።

ደግሞ ተመልከቱ፣ «ምስክር ከተገኘ» ነው የሚለው። ማነው በጎዲው ላይ የሚመሰክር? ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ብቻ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሦስቱም ቀሩ። ጫጫታ አልተነሣም። በ1000 ቢከለከሉ ኖሮ ደም ያፈስሱ ነበር።

እንግዳ ሰው፦

እህቴ፣ የመጨረሻው አልገባኝም። ቀሩ ሲባል ሰው ሁሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ አማኝ ሆነ ማለት ነው?

ወለተ ሰሜን፦

አማኝ መሆኑንማ ማን ያውቃል። ሕጉ ጠነከረ ማለት ነው። የሰው ልብ ምን እንደነበር ለመገመት ግን አንድ ፍንጭ አለ። ከጉባኤው ሲመለሱ የሰሜንና የደቡብ ሰዎች የተጠመቁት ሎይጋርዳሉር ያለው ፍል ውኃ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ አንገባም አሉ! እምነት ለመቀየር ተስማምተዋል፤ ለመንዘፍዘፍ አልተስማሙም።

በርገን ላይ፦

እኔ ኖርዌይ ነው የምኖረው። ቲንግቬትሊርን ሄጄ አይቼዋለሁ። ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር፣ ክርክራችሁን ይረዳል።

ሜዳው ጠፍጣፋ አይደለም። ከምዕራብ በኩል ረጅም የተሰነጠቀ የድንጋይ ግድግዳ አለ። መሬቱ ራሱ የተለያየበት ቦታ ነው፤ አሜሪካና አውሮፓን የተሸከሙት ሁለት የምድር ሰሌዳዎች እዚያ እየተራራቁ ነው። ከሥር የምትረግጠው ሁሉ የረጋ ላቫ (ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ) ነው፤ ጥቁር፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ግራጫ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት። ይህን የምነግራችሁ ጉባኤው ላይ ከነበሩት አለቆች አንዱ ስለሆነው ስለ ስኖሪ ጎዲ ብዬ ነው።

ክርክሩ በጋለበት ሰዓት አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ኦልፉስ በሚባል ቦታ እሳት ከመሬት ፈንድቶ ወደ ቶሮድ ጎዲ እርሻ እየወረደ ነው አለ። አረማውያኑ «ይኸው! አማልክቱ እንዲህ ያለውን ንግግር ሰምተው ቢቆጡ ምን ይገርማል» አሉ። ስኖሪ ዞር ብሎ «አሁን የቆምንበት ድንጋይ ሲነድድ ጊዜ ታዲያ በምን ተቆጥተው ነበር?» አላቸው። እዚያ ቦታ ላይ ቆማችሁ እግራችሁ ሥር ስታዩ የዚህ ንግግር ክብደት ይገባችኋል። ስኖሪ በኋላ ሄልጋፌል በሚባለው መኖሪያው ቤተ ክርስቲያን አሠራ። የኋላ ኋላ የክርስቲያን ወገን ትልቅ ሰው ሆነ።

በዚያው ጉዞ ሰሜን ሄጄ ጎዳፎስ የሚባለውን ፏፏቴ አይቻለሁ። አስጎብኚያችን ቶርጌይር ቤቱ ሲመለስ ጣዖቶቹን የወረወረው እዚህ ነው አለን። እውነት ነው?

መዝገቡ፦

በርገን ላይ፣ ስለ ቦታው አመሰግናለሁ። የፏፏቴው ነገር በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ውስጥ የለም። በጽሑፍ ብቅ የሚለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለቱሪስት ግን ያምራል።

አሁን የኔን ልጻፍ። አንተ የጠራኸው የቶሮድ ስም ጥሩ መግቢያ ሆነኝ።

ላቫው ሊበላው የነበረው እርሻ ባለቤት ቶሮድ የጊዙር ነጩ አማት ነው። ጊዙር ከኖርዌይ መጥቶ የክርስቲያኖቹን ወገን የመራው ሰውዬ ነው። ግጥም የገጠመው ሂያልቲ ደግሞ የጊዙርን ልጅ ያገባ ነው። የቶሮድ ልጅ ስካፕቲ ከ1004 እስከ 1030 ሕግ ነጋሪ ሆነ፤ 27 በጋ። ዘመድ ያልሆነ ሰው ፈልጉልኝ።

ይቀጥላል። ጊዙር ልጁን ኢስሌይፍን ለትምህርት ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ሳክሶኒ ላከው። ኢስሌይፍ በ1056 የአይስላንድ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። መንበሩ ስካልሆልት፣ የቤተሰቡ ርስት ላይ። ከእሱ በኋላ ማን ጳጳስ ሆነ? ልጁ ጊዙር፤ ከ1082 እስከ 1118። ይህ የልጅ ልጅ ጊዙር በ1097 ገደማ አሥራት አስደነገገ። በ1106 ሰሜኑ የራሱን ጳጳስ ፈለገና ሆላር ላይ መንበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው የሆላር ጳጳስ ዮን ይባላል። የማን ዘር? የሲዳው ሃል! ለቶርጌይር የከፈለው የሃል የልጅ ልጅ ልጅ።

ሁለቱም መንበር በ1000 ሜዳው ላይ ክርስቲያኖቹን በመሩት ሁለት ሰዎች ዘር እጅ ገባ።

ስለዚህ «ንጉሥ ነው፣ ሕግ ነው» ስትባባሉ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን የአገር ውስጡን ፉክክር ረስታችሁታል። ጎዲዎቹ እርስ በርስ የሚሻሙት ገበሬ ነው። ገበሬው እንደልቡ አለቃ ይቀይራል ብያለሁ። ታዲያ አንዳንዶቹ ከንጉሥ ጋር የተወዳጁ፣ አዲስ እምነት የያዙ፣ ውጭ አገር መሄጃና ትምህርት ያላቸው ሆነው ሲመጡ አሮጌው ጎዲ ምን ይዞ ይፎካከራል? የፈረስ ድግስ?

ቤተ ክርስቲያኑንም ያሠሩት እነሱ ናቸው። በግል መሬታቸው ላይ፣ በራሳቸው ገንዘብ። ቀሳውስቱ ደግሞ አንድ ጥሩ ማባበያ ነበራቸው፤ አንድ ሰው ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆመውን ያህል ሰው መንግሥተ ሰማያት ያስገባል ይሉ ነበር። ጎዲ ሆናችሁ አስቡት። በምድር የምታስከትለው ሰው ብዛት ነው ክብርህ፤ አሁን ደግሞ በሰማይም ተከታይ ሊኖርህ ነው። ሰፊ አድርጎ የማይሠራ ማነው?

ጆሮ ዳባ፦

አሥራቱስ? ቤተ ክርስቲያኑ የግለሰብ ከሆነ አሥራቱ ወዴት ነው የሚገባው?

መዝገቡ፦

ጥሩ አነሣኸው። አሥራቱ ለአራት ይካፈላል፤ ለጳጳሱ፣ ለቄሱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ፣ ለድሆች። አሁን የቄሱና የሕንፃው ድርሻ የሚገባው በባለቤቱ እጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የእሱ፣ ቄሱ የእሱ ቅጥር፣ አንዳንዴም ቄሱ ራሱ ጎዲው። ግማሹ አሥራት ከአንድ ኪስ ወጥቶ ወደዚያው ኪስ ይመለሳል፤ ከዚያም የጎረቤቶቹ ይጨመርበታል።

ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት አሥራት አይከፍልም። ርስትህን ለራስህ ቤተ ክርስቲያን «ትሰጣለህ»፣ አስተዳዳሪው አንተና ልጆችህ ትሆናላችሁ። የዛሬ ባለሀብት ቢሰማ ይቀናል።

ጳጳስ ጊዙር በዚህ ሰሞን ገበሬውንም አስቆጥሯል። ወደ ጉባኤው መዋጮ የሚከፍሉት 4,560 ያህል ሆኑ። ድሆቹ አልተቆጠሩም። ንጉሥ በሌለበት አገር ሕዝብ ቆጥሮ አሥራት ያስከፈለ የመጀመሪያው ሰው ጳጳስ ነው።

ቡና በጨው፦

መዝገቡ፣ አሁንስ ሴራ አስመሰልከው። በ1000 ሜዳው ላይ ቆመው «የልጅ ልጃችን ጳጳስ ይሆናል» ብለው አቅደው ነው?

መዝገቡ፦

የለም፣ የለም። ዕቅድ አላልኩም። አጋጣሚውን ያወቁበት ሰዎች ናቸው ነው የምለው።

ግን ሌላ ነገር ጠይቅ፦ ይህን ሁሉ በማን አፍ ነው የምናውቀው? ዋናው ጸሐፊ አሪ ቶርጊልሶን ነው፤ የጻፈው ከ1122 እስከ 1133 ባለው ጊዜ፣ ነገሩ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ። ለማን አሳየው? ለሁለቱ ጳጳሳት። ማን ነገረው? ዋናው ምንጩ ቴይት ነው። ቴይት የጳጳስ ኢስሌይፍ ልጅ፣ የጊዙር ነጩ የልጅ ልጅ። ስለዚህ የምናነበው የቤቱን ወሬ ነው። ጊዙር ደፋር፣ ሃል አስተዋይ፣ ቶርጌይር ጥበበኛ፣ ሁሉም በሰላም ተስማማ። የሩኖልፍ ቤተሰብ መጽሐፍ ቢጽፍ ኖሮ ምን ይል ነበር?

አሪን ግን አልንቀውም። ያሳደገው ሃውካዳሉር የነበረ ሃል የሚባል ሽማግሌ ነው (የሲዳው አይደለም)። ይህ ሽማግሌ በሦስት ዓመቱ ታንግብራንድ ሲያጠምቀው ትዝ ይለው ነበር፤ ሕጉ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው። 94 ዓመት ኖሯል። አሪ በሰው ትዝታ እየነካካ ነው የጻፈው፤ ገንዘቡን እንኳ አልደበቀም። ሃል ከቶርጌይር ጋር በክፍያ ተዋዋለ ብሎ ጽፏል፤ መጠኑን ብቻ ተወ።

ወለተ ሰሜን፦

ሩኖልፍን ካነሣህ መጨረሻውን ልንገራችሁ። ልጁ በመያዣ የነበረው፣ ሂያልቲን የከሰሰው ሩኖልፍ እሱም ተጠመቀ። ያኔ በጥምቀት ጊዜ ጨው አፍ ላይ ይደረጋል። ሂያልቲ ቆሞ እያየ «አሁን ሽማግሌውን ጎዲ ጨው ማኘክ እያስተማርነው ነው» አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ ተለዋወጡ። ስለ ሰላማዊ ስምምነት የሚያወራ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር አይዝለላት።

ቡና በጨው፦

ስሜን አታስነሡብኝ!

እንግዳ ሰው፦

አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች። ጎዲዎቹ ቤተ ክርስቲያኑን እስከመጨረሻ በእጃቸው አቆዩት? ሮም ዝም አለች?

መዝገቡ፦

ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ ሩቅ ነው። በ1150ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ኒዳሮስ የሊቀ ጳጳስ መንበር ሲሆን ነገር መጥበቅ ጀመረ። የስካልሆልቱ ጳጳስ ቶርላክ በ1179 ገደማ «ቤተ ክርስቲያኖቹን ለጳጳስ አስረክቡ» ብሎ ተነሣ። ዮን ሎፍትሶን የሚባል ትልቅ ጎዲ «አላስረክብም» አለው። ዮን ራሱ ዲያቆን ነው። የጳጳሱን እህት ደግሞ ያለ ጋብቻ ይዟል! ጳጳሱ ተሸንፎ ተወው። ከእህቱና ከዮን የተወለደው ፖል በኋላ ጳጳስ ሆነ፣ እዚያው ስካልሆልት ላይ። ይህን የማንም ልብ ወለድ አይደርስበትም።

በ1190 ሊቀ ጳጳሱ ጎዲ ሆነህ ቅስና አትቀበልም ብሎ ከለከለ። አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የነበረው ክርክር በ1297 ነው በስምምነት የተዘጋ። ባለርስቶች ግማሽና ከዚያ በላይ በያዙት መሬት ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን በእነሱ እጅ ቀረ፤ መሬቱ ሙሉ በሙሉ የቤተ ክርስቲያን የሆነው ግን ወደ ጳጳሱ ሄደ። በዚያ ጊዜ ግን አገሪቱ ነፃ አልነበረችም። ከ1262 እስከ 1264 ባለው ጊዜ ጎዲዎቹ ተራ በተራ ለኖርዌይ ንጉሥ ታማኝነት ማሉ።

ቡና በጨው፦

አላልኩም? በስተመጨረሻ ንጉሡ አሸነፈ!

ሕግ ተማሪ፦

ቡና በጨው፣ ከ260 ዓመት በላይ ቆይቶ ለመጣ ሌላ ንጉሥ ነጥቡን ለኦላፍ አትስጥ።